ስልካችሁ አልበራ አለ? «ፍላሽ ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ማታ ስልካችሁን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ተኛችሁ። ሌሊት መብራት ሄዶ መጣ። ጠዋት ስልኩ ጥቁር ነው፤ ብትጫኑት ብትጫኑት ዝም። አሶሳ ውስጥ ይሄ ያልገጠመው ሰው ዕድለኛ ነው። ከኩርሙክ ወይም ከሸርቆሌ ለጥገና ብቻ አሶሳ ድረስ የሚመጣ ሰው ደግሞ የመንገዱም ወጪ አለበት።

ብዙዎቻችን ወዲያው ጥገና ቤት እንሮጣለን። «ፍላሽ ያስፈልገዋል» ስንባል «እሺ» እንላለን። ስልኩ ይነሳል፤ የቤተሰብ ፎቶው፣ የትምህርት ኖቱ ግን በአብዛኛው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፦ ምንም ከማያጠፋው ጀምሩ፣ የሚያጠፋውን መጨረሻ ላይ አድርጉት።

ስለ ብራችሁ አትደናገጡ
የቴሌብር ብር ያለው ስልኩ ውስጥ ሳይሆን በስልክ ቁጥራችሁ በተከፈተው አካውንት ላይ ነው። ሲሙን አውጥታችሁ ሌላ ስልክ ላይ ክተቱት። ተራ የቁልፍ ስልክ ቢሆንም *127# ደውላችሁ ትጠቀማላችሁ። ቴሌግራምም በዚያው ቁጥር ሌላ ስማርት ስልክ ላይ ሲከፈት መልእክቶቹ ይመለሳሉ፤ ሚስጥራዊ ቻቶቹ ግን አይመጡም።

1. በደንብ ቻርጅ አድርጉት
ባትሪው ሙጥጥ ብሎ ያለቀ ስልክ ቻርጅ ላይ ሲሰካ ለተወሰነ ጊዜ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። በሌላ ቻርጀርና በሌላ ገመድ ቢያንስ 30 ደቂቃ ተዉት። የቻርጅ ቀዳዳው ውስጥ አቧራ ካለ በደረቅ የእንጨት ስንጥር ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ መርፌ አትጠቀሙ። ስልኩ ፀሐይ ላይ ቆይቶ ከጋለ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ጀርባው ካበጠ ግን ባትሪው አደገኛ ሆኗልና ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት።

2. ደውሉለት
ሲሙን መልሳችሁ ክተቱና በሌላ ስልክ ደውሉ። ከጠራ ወይም ከነዘረ ስልኩ አልሞተም፤ የጠፋው ስክሪኑ ነው። ይሄ ፍላሽ ሳይሆን የስክሪን ጥገና ነው የሚፈልገው።

3. በግድ አስነሱት
ይሄ ምንም አያጠፋም።
• ብዙ አንድሮይድ ስልኮች፦ የማብሪያውን ቁልፍ እስከ 30 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ።
• ሳምሰንግ፦ ማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ከ7 ሰከንድ በላይ ያዙ።
• አይፎን 8 እና ከዚያ በኋላ የወጡት፦ ድምፅ መጨመሪያውን ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ መቀነሻውን ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ የጎኑን ቁልፍ የአፕል ምልክት እስኪመጣ ያዙ።

4. ሎጎ ላይ ከቆመ
ስልኩ በርቶ ሎጎው ላይ ከቀረ ወይም እየበራ ከጠፋ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሶፍትዌር ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ስልኩን አጥፍታችሁ ማብሪያውንና ድምፅ መጨመሪያውን አንድ ላይ ስትይዙ ሪከቨሪ የሚባለው ዝርዝር ይመጣል። አዳዲስ ሳምሰንጎች መጀመሪያ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር መገናኘት ይፈልጋሉ። በድምፅ ቁልፎቹ ከፍ ዝቅ ትላላችሁ፣ በማብሪያው ትመርጣላችሁ።
• «ሪቡት ሲስተም ናው»፦ ስልኩን እንደገና ያስነሳል። ከዚህ ጀምሩ።
• «ዋይፕ ካሽ ፓርቲሽን»፦ ካለ ጊዜያዊ ፋይል ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ ፎቶ አይነካም።
• «ዋይፕ ዳታ» ወይም «ፋክተሪ ሪሴት»፦ ሁሉንም ያጠፋል! ስሙ ከካሹ ጋር ስለሚመሳሰል ሁለት ጊዜ አንብቡ። ከዚህ በኋላ ስልኩ የድሮውን የጎግል አካውንት ይጠይቃል፤ ኢሜይልና ፓስወርዱን ካላወቃችሁ ተቆልፎ ይቀራል።
አይፎን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ በሪከቨሪ ስታስነሱ «አፕዴት» የሚለውን አስቀድሙ። «ሪስቶር» ያለውን ያጠፋል።

ውሃ ከገባበት
የአሶሳ ክረምት ረጅም ነው፤ ኪስ ውስጥ የራሰ ስልክ ብዙ ነው። አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ ሲምና ሚሞሪ ካርዱን አውጡ፣ ነፋስ በሚያገኝ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ሩዝ ውስጥ መቅበሩ ይቅር፤ የሩዙ ብናኝ ሊጎዳው እንደሚችል አፕል ራሱ ያስጠነቅቃል።

አሁንም ካልበራ
አሁን ጥገና ቤት ውሰዱት። ከመስጠታችሁ በፊት ሲምና ሚሞሪ ካርዱን አውጡ። ቀጥሎ በግልጽ ተናገሩ፦ «ዳታው እንዳይጠፋ እፈልጋለሁ፤ ፍላሽ ከማድረግህ በፊት ንገረኝ።» መጀመሪያ ባትሪውን፣ የቻርጅ ቀዳዳውንና ማብሪያውን እንዲያይላችሁ ጠይቁ። የቴሌብር ፒናችሁን ግን ለማንም አትስጡ።

ስልካችሁ አሁን የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ሦስት ነገር አድርጉ፦ ስልክ ቁጥሮቻችሁን ሲም ላይ ሳይሆን ጎግል አካውንት ላይ መዝግቡ፣ ዋይፋይ ስታገኙ ፎቶዎቻችሁን ባክአፕ አድርጉ፣ የኢሜይል ፓስወርዳችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። የተበላሸ ስልክ ይተካል፤ ባክአፕ የሌለው ፎቶ ግን አይተካም።

ስልኩ አልበራ ያለው ሰው ይሄን ማንበብ አይችልምና ለጓደኞቻችሁ አሁኑኑ አጋሩት።