የመንግሥት ሥራና ሠራተኛ ማገናኛ አገልግሎት

የመንግሥት ሥራና ሠራተኛ ማገናኛ አገልግሎት ማለት ሥራ ፈላጊዎችንና ሠራተኛ የሚፈልጉ አሠሪዎችን ያለ ክፍያ የሚያገናኝ የመንግሥት አገልግሎት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ፈላጊውን በሙያው፣ በትምህርቱና በልምዱ ይመዘግባል፤ ከአሠሪው ክፍት የሥራ መደቦችን ይቀበላል፤ ሁለቱን አመሳክሮ ተስማሚውን ሰው ወደ አሠሪው ይልካል። የመቅጠር ውሳኔ የአሠሪው ነው።

አመጣጥ

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1909 በወጣ ሕግ መሠረት የመንግሥት የሥራ ማገናኛ ጽሕፈት ቤቶች በየካቲት 1910 ተከፈቱ። በጊዜው የንግድ ቦርድ ኃላፊ የነበረው ዊንስተን ቸርችል ሲሆን አገልግሎቱን የመራው ዊልያም ቤቨሪጅ ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 88 ያጸደቁት አባል አገሮች ነፃ የመንግሥት የሥራ ማገናኛ አገልግሎት እንዲኖራቸው ያስገድዳል።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. ሲሆን ስምምነት ቁጥር 88ን ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም. ነው። የግል አገናኝ ኤጀንሲዎችን የሚመለከተው ስምምነት ቁጥር 181 ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ጸድቋል። አዋጅ ቁጥር 632/2001 የአገር ውስጥና የውጭ አገር ሥራ ማገናኘትን በአንድነት ይመለከት ነበር። ይህን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 923/2008 የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን ብቻ ይገዛል። የአገር ውስጡ አገልግሎት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ ተካቷል። በዚህ አዋጅ ትርጓሜ የግል አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ነው።

በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቋመ። ሚኒስቴሩ ቀድሞ በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በሥራ ፈጠራ ኮሚሽንና በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ተከፋፍሎ የነበረውን ሥራ ጠቅልሎ ይዟል። በአማራ ክልል ኃላፊነቱ የሥራና ሥልጠና ቢሮ ነው፤ ከሥሩም የዞንና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አሉት።

አሠራር

በወረዳና በከተማ ደረጃ ብዙውን ጊዜ ሥራ ፈላጊው የሚቀርበው «የአንድ ማዕከል አገልግሎት» ወደሚባለው ጽሕፈት ቤት ነው። ተመዝጋቢው የቀበሌ መታወቂያውንና የትምህርት ማስረጃውን ይዞ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ በሁለት መንገድ ሊሄድ ይችላል፦

* ቅጥር፦ በቋሚነት ወይም በጊዜያዊነት ከአሠሪ ጋር መገናኘት፤
* የራስ ሥራ፦ በግል ወይም በማኅበር ተደራጅቶ የንግድ ፈቃድ፣ የመሥሪያ ቦታ፣ ብድርና የገበያ ትስስር መጠየቅ።

ለሁለተኛው መንገድ ከተመደቡት ገንዘቦች አንዱ በ2009 ዓ.ም. የተቋቋመው 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ነው። ሚኒስቴሩ ምዝገባውን የኢትዮጵያ ሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ወደተባለ ዲጂታል መድረክ አስገብቷል። በአንድ ወረዳ የተመዘገበ ሰው መረጃው በመዝገብ ብቻ ከተያዘ በሌላ ከተማ ያለ አሠሪ ሊያየው አይችልም፤ የጋራ የመረጃ ቋት ዋና ጥቅም ይህን ክፍተት መሙላቱ ነው።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ

ወግዲ ወረዳ በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራብ፣ ከደጋው ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ምድር ላይ ይገኛል። የአጎራባቹ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ነው። ከዞኑ ዋና ከተማ ከደሴ መካነ ሰላም በመንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በአካባቢው አብዛኛው ሕዝብ በግብርና ይተዳደራል። በደመወዝ የሚቀጥሩት በዋናነት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ናቸው። በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢም አለ።

ስለዚህ ለዚህ አካባቢ ሥራ ማገናኘት ማለት በአብዛኛው ሰውን ከሩቅ ሥራ ጋር ማገናኘት ነው። ከወሎ ደጋ የሚነሱ ሠራተኞች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ሲወርዱ ኖረዋል። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዚያው ዞን ውስጥ ሌላ የሥራ መዳረሻ ሆኗል። ብዙ ወጣቶችም ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳሉ።

ደላላና ሕጋዊ አገልግሎት

ሩቅ አገር ያለውን ሥራ በዓይኑ ያላየ ሰው ስለ ደመወዙ፣ ስለ ማደሪያውና ስለ አሠሪው የሚያውቀው ሌላ ሰው የነገረውን ብቻ ነው። ደላላ የሚጠቀመው በዚህ ክፍተት ነው። ደላላው የሚከፈለው ሠራተኛው ሲሄድ እንጂ ውሉ ሲከበር ስላልሆነ ሥራውን አሳምሮ ለመንገር ይገፋፋል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ወደ ውጭ ለሚሄድ ሠራተኛ የቪዛና የመጓጓዣ ወጪ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን ወጪዎች ይሸፍናል። ውሉም በመንግሥት አካል ተመርምሮ መጽደቅ አለበት። ይህን የሚያውቅ ሥራ ፈላጊ ለቪዛ ገንዘብ ሲጠየቅ ጥያቄው ሕጋዊ አለመሆኑን ይለያል።

ውስንነቶች

ማገናኛ ጽሕፈት ቤት በራሱ ሥራ አይፈጥርም፤ አሠሪዎች ክፍት መደባቸውን ካላሳወቁ የሥራ ፈላጊዎች መዝገብ ብቻ ይሆናል። በኢትዮጵያ ብዙ ቅጥር የሚፈጸመው በዘመድ፣ በጓደኛና በማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። በአዲስ አበባ በወጣት ሥራ ፈላጊዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የትራንስፖርት ድጎማንና የሥራ ማመልከቻ ሥልጠናን አነጻጽሯል። ከአራት ዓመት በኋላ ገቢያቸው ጨምሮ የተገኘው ችሎታቸውን ለአሠሪ ማሳየት የሚያስችል ሥልጠናና ማስረጃ ያገኙት ናቸው። ውጤቱ አገልግሎቱ ከምዝገባ ባሻገር ለሥራ ፈላጊው ችሎታ ማረጋገጫ ቢሰጥ ይበልጥ እንደሚጠቅም ያመለክታል።