ሪሚዲያል (የአቅም ማሻሻያ ትምህርት)
የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ያላሟሉ፣ ግን የተቀራረበ ውጤት ያላቸው የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከአንደኛ ዓመት በፊት የሚወስዱት ትምህርት። በኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ተጀመረ፤ መነሻው የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ነው፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የተፈጥሮም የማኅበራዊ ሳይንስም ተማሪዎች እንግሊዝኛና ሒሳብ ይማራሉ። ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚገባው እንግሊዝኛው ነው፤ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እሱ በመሆኑ አንብቦ የማይረዳ ተማሪ ፊዚክሱም ታሪኩም ያመልጠዋል። ብሔራዊ ፈተናው በምርጫ ጥያቄ ስለሚሰጥ አንድ አንቀጽ አሳምሮ መጻፍ ሳይለማመዱ 12ኛን መጨረስ ይቻላል፤ ዩኒቨርሲቲ ግን ሪፖርትና የጽሑፍ ሥራ ይጠይቃል። ማስታወሻ መያዝ፣ ያነበቡትን በራስ ቃል አሳጥሮ መጻፍ እዚህ ሊለመድ ይገባል። የማጠቃለያ ምዘናውን ያለፉ ወደ አንደኛ ዓመት ይገባሉ።