አሴቶፌኖን፣ በትንሽ ብልቃጥ

የዚህ ኬሚካል ሽታ ደስ ይላል፤ ቼሪ ይመስላል። አትላንታ በሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ብራያን ዲያስና ኬሪ ረስለር ወንድ አይጦችን ይህን ሽታ እያስሸተቱ እግራቸውን በቀላል ኤሌክትሪክ ነዘሯቸው። ከዚያ ወዲያ ሽታው ካለ ድንገተኛ ድምፅ ይበልጥ ያስበረግጋቸው ጀመር።

ድምፅና ብርሃን መጀመሪያ ታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ያልፋሉ። የሽታ መንገድ አጭር ነው፤ ከአፍንጫ በላይ ካለው መቀበያ፣ አንጎል አደጋንና ምልክቱን ወደሚያቆራኝበት አሚግዳላ በቀጥታ የሚደርስ መስመር አለው። የአይጦቹ አፍንጫም ራሱ ተለውጦ ተገኘ፦ አሴቶፌኖንን የሚለዩት ነርቮች በዝተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውን ጥናት መነጋገሪያ ያደረገው ግን ሌላ ነው። ሽታውን አሽተውት የማያውቁ የአይጦቹ ልጆችና የልጅ ልጆችም ሽታው ሲኖር ከወትሮው ይበልጥ ደነገጡ። በአባት ዘር እንዴት እንደተላለፈ (በእርግጥ ከተላለፈ) ዛሬም ተመራማሪዎችን ያከራክራል።