ከፎቶግራፉ ጀርባ የተጻፈው 1930



ማኅበራችን በክርያት ሐይም የሚኖሩ ቤተሰቦችን የድሮ ፎቶግራፎች ማሰባሰብ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር ተምረናል። ሁላችሁም እንደምታውቁት ከእኛ መካከል ብዙዎቹ በሱዳን በኩል በእግራቸው ስለመጡ ፎቶግራፍ ይዞ የወጣ ሰው ጥቂት ነው። የያዘውም ቢሆን በልብሱ እጥፋት ሰፍቶ ወይም በላስቲክ ጠቅልሎ ነው። ስለዚህ በእጃችን ያለው እያንዳንዱ ወረቀት ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅ ይገባናል።

ከእናቶቻችን አንዷ ወደ ሞአዶኑ አንድ ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። መዳፍ የሚያህል፣ ጠርዙ የተሸበሸበ ነው። ትልልቅ መስተዋት ያለው ሱቅ ይታያል። ከሱቁ ፊት ለፊት በሮቿ የተከፈቱ፣ የምታብረቀርቅ ጥቁር መኪና ቆማለች። በመኪናዋ ዙሪያ አምስት ነጮች በሙሉ ልብስ ተደርድረዋል። በስተቀኝ ጥግ፣ ከፎቶግራፉ ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው፣ ጨርቅ በእጁ የያዘ አሥር ዓመት የሚሆነው ጥቁር ልጅ ይታያል። እኚህ እናታችን «ይህ ልጅ አባቴ ነው» አሉን። ከጀርባው በቀለም «1930» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ቃል የለበትም።

ይህን ፎቶግራፍ ከዓመታት በፊት አንድ ቦታ ወስደው አሳይተው ነበር። የተቀበላቸው ሰው ቁጥሩን አይቶ፣ «ይህ የንግሥ በዓል ዓመት ነው፤ አዲስ አበባ የነበረ የውድ መኪና መሸጫ መሆን አለበት፤ አባትዎ ሊሆኑ አይችሉም» አላቸው። አባታቸው በ1920 ዓ.ም. እንደተወለዱ በቤተሰቡ ይነገራል። በ1930 እ.ኤ.አ. ገና የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ ማለት ነው። እናታችንም ፎቶግራፉን አጥፈው ከሣጥን ከተቱት። ለልጆቻቸውም አያታችሁ ይህ ነው ማለቱን ተዉት።

የስሕተቱ ሥር ለእኛ ግልጽ ነው። የእኛ ዘመን አቈጣጠር ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በ1930 እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን ሲሆን፣ በእኛ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። «1930» ብሎ የጻፈው ሰው ኢትዮጵያዊ ከሆነ የሚናገረው ከመስከረም 1937 እስከ ጳጉሜን 1938 እ.ኤ.አ. ስላለው ጊዜ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ጦርነት፣ ወረራና የመንግሥት ለውጥ አለ። ቁጥር ብቻውን አይበቃምና ፎቶግራፉን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ በ1930 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ምን ዓይነት የመኪና ንግድ እንደነበረ እናስብ። ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያዋን መኪና ያመጣው ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዎልስሊ የምትባል መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ በረሃውንና ገደሉን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ አደረሰ። መንገድ ስላልነበረ መኪናዋ የተነዳችበት ቦታ አለ፣ ሰውና ከብት የጐተታትም ቦታ አለ። ብዙም ሳይቈይ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ መጣ። የምድር ባቡሩ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ግን መኪና በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ በባቡር ይመጣ ጀመር። በዚያ ዘመን አስመጪ ነጋዴ ማለት ጨርቁንም፣ ቆርቆሮውንም፣ የጽሕፈት መኪናውንም የሚሸጥ ነው። መኪናም የሚመጣው ገዢው መኰንን ወይም መስፍን አስቀድሞ ሲያዝ ነው። በመስተዋት ውስጥ መኪና አሰልፎ ገዢ የሚጠብቅ ነጋዴ ብርቅ ነበር። በንግሡ ዕለት እንኳ ንጉሠ ነገሥቱ የተጠቀሙት በመኪና ሳይሆን ቀድሞ የጀርመኑ ቄሣር የዳግማዊ ዊልሄልም በነበረው ሠረገላ ነው።

አሁን ወደ መኪናዋ እንሂድ። ሞአዶን ውስጥ የብዙ ዓመት መካኒክ የነበሩ አንድ አባት አሉ። ፎቶግራፉን በማጉያ መነጽር ካዩ በኋላ የተናገሩት፣ «መብራቱን ሳይሆን በሩን እዩት» ብለው ነው። የፊትና የኋላ በሮች ወዲያና ወዲህ ተከፍተዋል፤ በመካከላቸው ግን የሚያቆም ዓምድ የለም። ከውስጥ መቀመጫዎቹ ሙሉ በሙሉ ይታያሉ። የኋላዋ ደግሞ እንደ እንቍላል ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ዓምድ አልባ በር የላንቺያ ፋብሪካ መለያ ነበር። ከላንቺያዎቹ መካከል አውጉስታ የተባለችው በ1933 እ.ኤ.አ. የወጣች ሲሆን ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው። ጀርባዋ የሚንሸራተተው አፕሪሊያ ናት፤ እርስዋም ለገበያ የቀረበችው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ በ1937 እ.ኤ.አ. የተሸጠች መኪና በ1930 እ.ኤ.አ. ፎቶግራፍ ልትነሣ አትችልም። ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል። ግን ልንሳሳትባቸው ስለነበሩ ሌሎች ነገሮችም ልንገራችሁ፤ እናንተም ቤት ያጋጥሙ ይሆናልና።

አንደኛው መሪው ነው። በፎቶግራፉ መሪው በቀኝ በኩል ይታያል። ከመካከላችን አንዱ፣ «ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና በግራ ይነዳ የነበረው እስከ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ደግሞ የሚነዳው በቀኝ ነው፤ ስለዚህ ይህ የጣሊያን ዘመን አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ስለ ሰኔ 1 የተናገረው እውነት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ነው በመላ ሀገሪቱ በቀኝ መንዳት የተጀመረው፤ የመንገድ ፎቶግራፍ ከሆነ ዕድሜውን ለመለየት እጅግ ይጠቅማል። በአንድ የቆመች መኪና መሪ ላይ ግን መፍረድ አይቻልም። ላንቺያና አልፋ ሮሜዮን የመሳሰሉ ውድ የጣሊያን መኪናዎች በሀገራቸው በቀኝ እየተነዱም መሪያቸውን በቀኝ በኩል ያደርጉ ነበር፤ ይህም ልማድ ከጦርነቱ በኋላ ድረስ ቈይቷል። ባለ ተራራ መንገድ ሀገር ስለሆነ ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ እንዲያይ ነው ይባላል። ሌላም አለ፤ ፎቶግራፍ አንሺው ፊልሙን ገልብጦ ካጠበው ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ግድግዳ ላይ ጽሑፍ ካለ ጽሑፉን፣ ከሌለ የኮት ቁልፍን ማየት ነው። የወንድ ኮት የሚደረበው በግራው በኩል ነው።

ሁለተኛው የግድግዳ ጽሑፍ ነው። ከሱቁ በላይ «ኦፊቺና» የሚለው የጣሊያንኛ ቃል ይነበባል፤ የጥገና ቤት ማለት ነው። ከጦርነቱ በፊት በነበረችው አዲስ አበባ የውጭ ሰዎች የንግድ ቤት ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ፈረንሳይኛ ነበር። መኪና ማን እንዳስተማረን ከአፋችንም ይታወቃል። ሹፌር ያልነው ከፈረንሳይኛ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ታርጋ፣ ሊብሬ ያልነው ደግሞ ከጣሊያንኛ ነው። እዚህ ሀገር መጥታችሁ በሚፍራጽ ሐይፋ ሙሳክ ውስጥ የሠራችሁ ወንድሞች «አምብሬክስ» እና «ባክ አክስ» ሲባል የሰማችሁት እንግሊዝ በማንዳቱ ዘመን ጥሎት የሄደ ነው። «ባክ አክስ ቅድሚ»፣ የፊት የኋላ አክስል፣ ሲባል ሰምቶ ያልሳቀ የለም።

ሦስተኛው የቤቱ ዓይነት ነው። መስተዋት ያለው ሁሉ መሸጫ አይደለም። በአስመራ የሚገኘውን የፊያት ታሊየሮ ሕንፃ ብዙዎቻችሁ በሥዕል አይታችሁታል። ጁዜፔ ፔታትሲ የነደፈውና በ1938 እ.ኤ.አ. የተሠራው፣ አውሮፕላን መስሎ ሁለት ክንፍ የዘረጋው ቤት ነው። እያንዳንዱ ክንፍ ወደ 15 ሜትር ያህል ያለ ምንም ዓምድ ይዘረጋል። በላዩ ላይ የፊያት ስም ስላለ የመኪና መሸጫ እየተባለ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ የተሠራው ግን ለቤንዚን ማደያ ነው። የእኛ ፎቶግራፍ ግን በመስተዋቱ ውስጥ ሌላ መኪና በአዲስ ምንጣፍ ላይ ቆማ ስለምትታይ ጥገናም ሽያጭም ያለበት ቤት ነው።

የቀረን ቦታው ነው። በመስተዋቱ ላይ የተጻፈው ስም ግማሹ በአንደኛው ሰው ባርኔጣ ተሸፍኗል፤ የሚታየው የመጨረሻው «…ማራ» ብቻ ነው። «አስመራ» በጣሊያንኛ አስማራ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ነገር ግን ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲከፋፍል ዋና ከተማው ጎንደር የሆነውን ግዛት «አማራ» ብሎት ነበር። ሁለቱም በእነዚያው ፊደሎች ያልቃሉ! የእናታችን ቤተሰብ የወልቃይት ሰዎች ናቸው። አባታቸው በልጅነታቸው ከቀጥቃጭ አጎታቸው ጋር በመንገድ ሥራ አጠገብ እንደዋሉ ይተረካል። በእነዚያ ዓመታት ጣሊያኖች ከአስመራ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ በሊማሊሞ ገደል እየቈረጡ ያወጡ ነበርና ልጁ በካሚዮን ወደ ላይም ወደ ታችም ሊወሰድ ይችል ነበር።

መኪናዋን እያደነቅን ዘመኑን አንርሳ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው ጭፍጨፋ የአንድ ዓመት ጠባሳ ብቻ ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ የወጣው ሕግ ጣሊያናዊ ከሀገሬው ሰው ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር ከለከለ፤ ከተሞችም የነጭና የጥቁር ሠፈር ተብለው ተከፈሉ። በ1938 እ.ኤ.አ. መኸር ደግሞ ጣሊያን ውስጥ በአይሁድ ላይ የወጣው ሕግ መጣ። ጥግ ላይ ጨርቅ ይዞ የቆመው ልጅ ቤተ እስራኤል መሆኑን ከአምስቱ ሰዎች የጠየቀው አልነበረ ይሆናል። ፎቶግራፍ አንሺውም ከሥዕሉ ሊያስወጣው ፈልጎ ይሁን ሊያስገባው፣ ግማሽ ትከሻው ተቈርጧል።

ከተሰበሰቡት ውስጥ ተቃራኒ ስሕተት ያለበትም አለ። በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ሰፋፊ የአሜሪካ መልክ ያላቸው መኪናዎች ተሰልፈዋል። ከጦርነቱ በኋላ አዲስ አበባ የአሜሪካ መኪና ስለበዛባት ሁላችንም «አዲስ አበባ» ብለን መዘገብነው። ኋላ በማጉያ ስናየው ከበስተጀርባ የዕብራይስጥ ፊደል ተገኘ። መኪናዎቹ ካይዘር ናቸው፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ ሐይፋ ውስጥ ኤፍራይም ኢሊን ባቋቋመው ፋብሪካ ይገጣጠሙ ነበር። ፎቶግራፉ አንድ ቤተሰብ እዚህ ክርያት ሐይም ቤት ሲከራይ ከቀድሞ ነዋሪ መሳቢያ ውስጥ ያገኘው ኖሯል።

ሐይፋና ያ ዘመን የሚገናኙበት ሌላም ነገር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት የወጡት ኢንተርፕራይዝ በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሲሆን፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1928 ዓ.ም. የደረሱት እዚሁ ሐይፋ ወደብ ነው። ከዚህም በባቡር ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ልጁ ጨርቁን ይዞ ሲቆም ከዚህ ቀን ወዲህ ሁለት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው።

እናታችን የመኪናዋን ነገር ስንነግራቸው ብዙ አልተናገሩም። ፎቶግራፉን ተቀብለው ከታች በእርሳስ የአባታቸውን ስም ራሳቸው ጻፉበት። በዚያው ሳምንት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ተመልሰው መጡ።

አንድ ልመና አለን። ፎቶግራፉ በትልቁ ታትሞ በሞአዶኑ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በልጅነታችሁ አስመራ ወይም ጎንደር የኖራችሁ፣ ወይም በዚያ የኖረ ወላጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ መጥታችሁ እዩት። በሱቁ በስተግራ ባለ ሦስት ቅስት በረንዳ፣ ከበስተኋላው ደግሞ አንድ ረዥም ባሕር ዛፍ አለ፤ ሠፈሩን የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን። የራሳችሁንም ስታመጡ ከአልበሙ ገንጥላችሁ አታውጡ፤ ከነአልበሙ አምጡት። ከጀርባው በእስክርቢቶ አትጻፉ፣ በለስላሳ እርሳስ ይበቃል። የፎቶ ቤት ማኅተም ካለበትም በማጣበቂያ አትሸፍኑት። በቤታችሁ የታመሙ ወይም መውጣት የማይችሉ ሽማግሌ ካሉ ንገሩንና እኛው ማጉያ መነጽሩን ይዘን እንመጣለን።