የማረፊያ ተራ፦ ከሳሪ አየር መንገድ ለምን ገዢ ይሻማበታል?

በ2012 የብሪቲሽ ኤርዌይስ እናት ኩባንያ አይኤጂ፣ ቢኤምአይ የተባለውን የእንግሊዝ አየር መንገድ ከጀርመኑ ሉፍታንዛ በ172.5 ሚሊዮን ፓውንድ ጠቅልሎ ገዛው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቢኤምአይ አዲስ አበባ ድረስ ይበር የነበረ፣ ነገር ግን በኪሳራ የሚንገዳገድ ድርጅት ነበር። ቨርጂን አትላንቲክም ሊገዛው ተፎካክሮ ነበር። ሁለቱ የተሻሙት ለአውሮፕላኖቹ ብለው አልነበረም፤ አውሮፕላን ከፋብሪካም ከአከራይም ይገኛል። የፈለጉት ቢኤምአይ በለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ በየቀኑ የነበሩትን 56 ጥንድ የማረፊያና የመነሻ ሰዓቶች ነው።

እንዲህ ያለው ሰዓት በአቪዬሽን ሰዎች ዘንድ «ስሎት» ይባላል። አንድ አየር መንገድ በተወሰነ ቀንና ሰዓት አርፎ ወይም ተነስቶ ማኮብኮቢያውን፣ የአውሮፕላን ማቆሚያውንና ተርሚናሉን እንዲጠቀም የሚሰጠው ፈቃድ ነው። «የማረፊያ ቦታ» ብንለው አንባቢው መሬት ይመስለዋል። «የማረፊያ ፈቃድ» ካልነው ደግሞ መንግሥታት በስምምነት ከሚሰጣጡት የበረራ መብት ጋር ይምታታል። እኔ «የማረፊያ ተራ» እንዲባል ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ቃሉንም ያገኘሁት ከይፋት ቆላ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት አለች። በጋ ላይ በዙሪያዋ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ከወንዝ በሚጠለፍ ውሃ ነው የሚበቅለው። ወንዙ ሲሳሳ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቦይ ከከፈተ ለማንም አይዳረስም፤ ስለዚህ ውሃው በተራ ይታደላል። በአማራ የመስኖ አካባቢዎች ይህን ተራ የሚያስከብር «የውሃ አባት» የሚባል ሰው ይመረጣል። ለእያንዳንዱ ገበሬ ቀኑና ሰዓቱ ተለይቶ ይነገረዋል። ማሳ ያለው ሁሉ ተራ አለው ማለት አይደለም፤ በጋ ላይ ተራ የሌለው ማሳ ደረቅ መሬት ነው። ተራ ሁሉም እኩል አይደለም፤ በእኩለ ሌሊት የሚደርስና በማለዳ የሚደርስ ውሃ አንድ አይደሉም።

ሂትሮውም ውሃው እንዳነሰ ወንዝ ነው። ያሉት ማኮብኮቢያዎች ሁለት ብቻ ሲሆኑ በዓመት ከ480,000 በላይ በረራ እንዳያስተናግድ ተገድቧል። በአካባቢው የሚኖረው ሰው እንዲተኛ ተብሎም የሌሊት በረራ በዓመት ከ5,800 እንዳያልፍ ተወስኗል። ኢትዮጵያና እንግሊዝ የበረራ ስምምነት ቢፈራረሙ እንኳ ስምምነቱ ብቻውን አውሮፕላን ለንደን አያሳርፍም፤ ተራ መገኘት አለበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ሌሊት ከቦሌ ተነስቶ ማለዳ ሂትሮው የሚያርፈው፣ ማታ ደግሞ ከዚያ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ የሚገባው በአጋጣሚ አይደለም። ቦሌ ላይ በረራዎች በማዕበል መጥተው በማዕበል ስለሚወጡ፣ ከለንደን የመጣው መንገደኛ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ሉሳካ የሚሄደውን አውሮፕላን ሊደርስበት የሚገባው በዚያ ሰዓት ነው። እኩለ ቀን ላይ የተሰጠ ተራ ይህን ሰንሰለት ይበጥሰዋል። «ተራ» ስንል ሰዓትን ጭምር እያልን ነው።

የዓለም አቀፉ የተራ አሰጣጥ መመሪያ አየር ማረፊያዎችን በሦስት ደረጃ ይመድባል። በሦስተኛው ደረጃ ያሉት፣ እንደ ሂትሮው ያሉት፣ ተራ ያልያዘን መደበኛ በረራ አያስተናግዱም። ተራውን የሚያድለው ከአየር መንገዶች ነጻ የሆነ አስተባባሪ ነው፤ አየር መንገዶችና አስተባባሪዎች በዓመት ሁለት ጊዜ እየተሰበሰቡ ይደራደራሉ። ዋናው ሕግ ግን የቆየውን የሚያስቀድም ነው፤ በአንድ ወቅት ከተሰጠው ተራ ቢያንስ 80 በመቶውን የበረረበት አየር መንገድ በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ያንኑ ተራ ይወስዳል። ከዚያ በታች ከሆነ ይነጠቃል። ከተመለሱትና ከአዳዲሶቹ ተራዎች ግማሹ ለአዲስ ገቢዎች ቅድሚያ ይሰጥ የሚል ደንብም አለ፤ ዳሩ ግን ሂትሮው ላይ ማን ይመልሳል?

ይህ የ80 በመቶ ሕግ ምን እንደሚያስደርግ ከአዲስ አበባ ጋር ግንኙነት የነበረው አንድ አየር መንገድ አሳይቷል። ብሪቲሽ ሜዲትራኒያን ኤርዌይስ ከለንደን ወደ አዲስ አበባ ጭምር ይበር ነበር። የታሽከንት መስመሩን ሲያቆም በሂትሮው የነበረው ተራ ሊነጠቅበት ሆነ። ስለዚህ በ2006 መጨረሻና በ2007 መጀመሪያ በሳምንት ስድስት ቀን አንድም መንገደኛ ያላሳፈረ አውሮፕላን ከሂትሮው ወደ ካርዲፍ እያበረረ ይመልስ ነበር። ትኬት አልተሸጠም፤ ነዳጁ ግን ነደደ። በ2007 ቢኤምአይ ይህን ድርጅት በ30 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ የሂትሮው ተራዎቹን ደግሞ ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ30 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰዳቸው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ፤ ገበያው የድርጅቱን ዋጋና የተራውን ዋጋ እኩል አድርጎ ነው ያየው። የአዲስ አበባው መንገደኛ የሚሳፈርበት አውሮፕላን ስሙን ሲቀይር ከጀርባው የተካሄደው ይህ ነበር።

ጠቅልሎ የመግዛት ጥያቄ ለምን እንደሚበዛም እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ተራን ለብቻው መግዛት የሚቻልባቸው አገሮች አሉ፤ በ2016 ኬንያ ኤርዌይስ በሂትሮው የነበረውን አንድ ጥንድ ተራ ለኦማን ኤር አስተላልፎ 75 ሚሊዮን ዶላር እንደተከፈለው ተዘግቧል። ማለዳ የሚያሳርፍ ተራ ስለነበር ነው ዋጋው እንዲህ የናረው። የሚሸጥ ተራ ግን ብርቅ ነው። ብዙ ተራ ባንድ ጊዜ ለማግኘት ያለው ዋና መንገድ ባለ ተራውን ድርጅት መጠቅለል ነው። ድርጅቱ ከወደቀም በኋላ ተራው ይኖራል፤ በ2017 ሞናርክ የተባለው አየር መንገድ ሲከስር፣ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተራዎቹ ለአበዳሪዎቹ ጥቅም እንዲሸጡ የሚያስችል ውሳኔ ሰጥቷል።

የውድድር ተቆጣጣሪዎች ይህን አይተው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የአውሮፓ ኮሚሽን የቢኤምአይን ግዢ ሲፈቅድ አይኤጂ 14 ጥንድ ተራ እንዲለቅ አዝዟል። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤትም በ2013 አሜሪካን ኤርላይንስ ከዩኤስ ኤርዌይስ ጋር ሲዋሃድ በዋሽንግተን ሬገን አየር ማረፊያ 104፣ በኒው ዮርክ ላጋርዲያ 34 ተራዎች እንዲለቀቁ አድርጓል። መድኃኒቱ ግን ሁልጊዜ አልሠራም። አይኤጂ ከለቀቃቸው ብዙዎቹን ተራዎች የወሰደው ቨርጂን አትላንቲክ በ2013 የጀመረውን የአገር ውስጥ በረራ በ2015 ዘግቶታል።

ተራ እንዲሸጥ የሚደግፉ ሰዎች፣ ሽያጩ ተራውን በተሻለ ለሚጠቀምበት ያስተላልፋል ይላሉ። የካርዲፉን ባዶ አውሮፕላን ላየ ሰው ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። እኔን የሚከነክነኝ ግን መነሻው ነው፤ ተራውን ሲቀበል ምንም ያልከፈለ አየር መንገድ የማኮብኮቢያውን ጩኸት የተሸከመው ነዋሪ ምንም በማያገኝበት ሽያጭ ሚሊዮኖች ይቀበላል። ተራ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ያልተጠቀመበት ይመልስ እንጂ ይሽጥ መባል የለበትም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2018 መንግሥት ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ላይ አነስተኛ ድርሻ ለመሸጥ ማሰቡን ሲያስታውቅ፣ የሕዝቡ ክርክር በአመዛኙ በአውሮፕላኖቹና በትርፉ ላይ ነበር። በውጭ አየር ማረፊያዎች በዘመናት የተገኙት ተራዎች ግን ከሀብቱ ተለይተው አይታዩም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ዳግም ከተነሳ አብረው መቆጠር አለባቸው። ሌላው ቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ የታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኞችን በዓመት እንዲያስተናግድ ታስቧል። ሲከፈት ተራ ይተርፋል፤ ስለ ተራ የሚደነገገው ደንብ ግን መጻፍ ያለበት ተራ ሲተርፍ እንጂ ሲጎድል አይደለም፤ ሲጎድል ባለ ይዞታው በዝቶ ማንም አይለቅም። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አቡሴራ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የማረፊያ ተራ የማን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ ካልተጠቀሙበት እንደሚመለስ፣ ድርጅት ሲጠቀለል ወይም ሲከስር ለማን እንደሚያልፍ በግልጽ ደንግጎ ለሕዝብ ያሳውቅ።