ሚስጥራዊ ማህበራት ለምን ይጠረጠራሉ? በፍሪሜሶን ላይ የቀረቡ ትችቶች፤ ማስረጃውና አሉባልታው

በማስተማር ሥራ ላይ በነበርንባቸው ዓመታት ተማሪዎች ከትምህርቱ ውጭ ደጋግመው ከሚያነሱልን ጥያቄዎች አንዱ «ፍሪሜሶን የሚባለው ነገር እውነት ነው ወይ?» የሚል ነበር። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ከተላከ ቪዲዮ ጋር ይመጣል፤ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ ዓይን፣ ጣቶቹን አጣምሮ ፎቶ የተነሳ ዘፋኝ፣ ከጀርባ የሚያስፈራ ሙዚቃ። ዛሬም ጥያቄው አልቆመም። «ዓለምን የሚገዙት እነሱ ናቸው» ብሎ የሚምል አለ፤ «ሁሉም ተረት ነው» ብሎ የሚያጣጥልም አለ።

ሁለቱም ልክ አይደሉም። በሚስጥራዊ ማህበራት ላይ ከቀረቡት ትችቶች መካከል በሰነድና በምርመራ የተረጋገጡ አሉ፤ ከባዶ የተፈበረኩም አሉ። ሁለቱን አለመለየት ድርብ ጉዳት አለው። ውሸቱ ንጹሐንን ያስጠቃል፤ እውነተኛው ጥፋት ደግሞ ከውሸቱ ጋር ተደባልቆ ይሸፈናል። ስለዚህ ጉዳዩን ከመነሻው ጀምረን እናያለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ፍሪሜሶን ምንድን ነው?

ቃሉ በጥሬው «ነጻ ግንበኛ» ማለት ነው። አብዛኞቹ የታሪክ ተመራማሪዎች የማህበሩን መነሻ በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝና በስኮትላንድ ከነበሩ የድንጋይ ጠራቢዎችና ግንበኞች የሙያ ማህበራት ጋር ያገናኙታል። ከጊዜ በኋላ ድንጋይ ጠርበው የማያውቁ ነጋዴዎች፣ መኳንንትና ምሁራን ገቡበትና የግንበኞቹ መሣሪያዎች ምሳሌ ብቻ ሆነው ቀሩ። ስኳድራና ኮምፓስ የማህበሩ ምልክት የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው።

ማህበሩ ራሱ በሚተርከው ታሪክ መሠረት ጁን 24 ቀን 1717 አራት የለንደን ሎጆች በአንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው የመጀመሪያውን ታላቅ ሎጅ መሠረቱ። «ሎጅ» ማለት አባላቱ የሚሰበሰቡበት ቡድንም ቦታም ነው። በ1723 ጄምስ አንደርሰን የተባለ የስኮትላንድ ቄስ ያዘጋጀው የመተዳደሪያ መጽሐፍ ታተመ፤ በሎጅ ውስጥ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ መከራከርን ይከለክላል። አባሉ ከተለማማጅ ተነስቶ በሦስት ደረጃዎች ያልፋል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ መሐላ ይፈጽማል፣ የመተዋወቂያ ምልክትና ቃል ይቀበላል። በድሮው መሐላ ሚስጥር ያወጣ ሰው የሚደርስበት አሰቃቂ ቅጣት ይዘረዘር ነበር። የእንግሊዙ ታላቅ ሎጅ ይህን ክፍል ከመሐላው ያወጣው በ1986 ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ፍሪሜሶን በአንድ ማዕከል የሚመራ ድርጅት አይደለም። እያንዳንዱ ታላቅ ሎጅ ራሱን የቻለ ነው፤ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁና የሚወጋገዙም አሉ። የፈረንሳዩ ግራንድ ኦሪየንት በ1877 አባላት በፈጣሪ ማመን አለባቸው የሚለውን ግዴታ ሲሰርዝ፣ የእንግሊዙ ታላቅ ሎጅ ግንኙነቱን አቋርጧል። «አንድ ትዕዛዝ ከአንድ ቦታ ይወጣል» የሚለው ወሬ ከዚህ እውነታ ጋር አይገጥምም።

ጥርጣሬው እንዴት ጀመረ?

የመጀመሪያው ትልቅ ውግዘት የመጣው ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጳጳስ ክሌመንት 12ኛ በ1738 ካቶሊኮች ወደ ማህበሩ እንዳይገቡ ከለከሉ። ካቀረቧቸው ምክንያቶች መካከል የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች በአንድነት መሰብሰባቸው፣ በከባድ መሐላ መታሰራቸውና ሥራቸውን መደበቃቸው ይገኙበታል። ክፉ ካልሠሩ ብርሃንን ለምን ይሸሻሉ የሚል ሐሳብም ነበረበት። ከዚያ ወዲህ በማህበሩ ላይ የቀረበ ትችት ሁሉ ይህን ጥያቄ በአንድ ወይም በሌላ መልክ ይደግመዋል።

መንግሥታትም ሰጉ። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ እንግሊዝ በ1799 ሚስጥራዊ መሐላ የሚያስገቡ ማህበራትን በሕግ አገደች፤ ፍሪሜሶኖችን ግን ሎጆቻቸው በየዓመቱ የአባላታቸውን ስም ለአካባቢው የፍርድ ጽሕፈት ቤት እንዲያስረክቡ በማዘዝ ተወቻቸው። ይህ ግዴታ እስከ 1967 ዘልቋል።

በአሜሪካ ደግሞ ቁጣው ከሕዝቡ ተነሳ። በ1826 በኒው ዮርክ ግዛት ዊልያም ሞርጋን የተባለ ግንበኛ የማህበሩን ሚስጥር በመጽሐፍ ሊያሳትም መሆኑን አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ በጥቃቅን ዕዳ ታሰረ፤ ከእስር ሲወጣ በሠረገላ ተወሰደ፤ ከዚያ በኋላ አልታየም። ሕዝቡን ይበልጥ ያስቆጣው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በድርጊቱ የተሳተፉ ጥቂት ሰዎች ቀላል ቅጣት ተቀጡ፤ ከሕግ አስከባሪዎቹና ከሸንጎ አባላቱ መካከል የማህበሩ ሰዎች ስለነበሩ «ወንድም ወንድሙን ሸፈነ» ተባለ። የፀረ ሜሶን ፓርቲ የተመሠረተው በዚህ ነው። ፓርቲው በ1832ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ የቨርሞንትን ግዛት አሸንፏል።

በማስረጃ የተረጋገጡ ጥፋቶች

የመጀመሪያው በ1904 በፈረንሳይ የተጋለጠው የካርዶች ቅሌት ነው። የጦር ሚኒስትሩ ጄኔራል ሉዊ አንድሬ የመኮንኖችን ሹመት ሲወስን ግራንድ ኦሪየንት በየሎጁ አማካይነት የሰበሰበውን መረጃ ይጠቀም ነበር። በካርዶቹ ላይ ማን ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ፣ ማን ልጆቹን በካህናት ትምህርት ቤት እንደሚያስተምር ተመዝግቧል። ሃይማኖተኛው መኮንን ምክንያቱን ሳያውቅ ሹመት ይቀርበታል። ጉዳዩ በምክር ቤት ሲጋለጥ ሚኒስትሩ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ሁለተኛው የጣሊያኑ ፒ-ሁለት ነው። ማርች 17 ቀን 1981 መርማሪዎች የሊቾ ጄሊን ንብረት ሲፈትሹ 962 ስሞች የያዘ ዝርዝር አገኙ። ሚኒስትሮች፣ የምክር ቤት አባላት፣ የጦርና የስለላ ሹማምንት፣ የባንክ ባለቤቶችና ጋዜጠኞች ነበሩበት፤ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሲልቪዮ በርሉስኮኒም አንዱ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር አርናልዶ ፎርላኒ መንግሥት በዚሁ ሳቢያ ወደቀ። በቲና አንሴልሚ የሚመራ የምክር ቤት ኮሚሽን ዓመታት የፈጀ ምርመራ አደረገ፤ በ1982 የወጣው ሕግም ሎጁን አፈረሰው። የጣሊያኑ ታላቅ ሎጅ የፒ-ሁለትን ፈቃድ አስቀድሞ በ1976 አንስቶ እንደነበረም መጨመር ፍትሕ ነው።

ሦስተኛው ፍሪሜሶን ሳይሆን በአህጉራችን የተመሠረተ ሌላ የወንድማማቾች ማህበር ነው። የደቡብ አፍሪካው ብሩደርቦንድ በ1918 ተመሠረተ፤ አባላቱ ነጭ፣ አፍሪካነር፣ ፕሮቴስታንት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ አባልነታቸውም ሚስጥር ነበር። ከ1948 እስከ 1994 አገሪቱን የመሩት ጠቅላይ ሚኒስትሮችና ፕሬዚዳንቶች በሙሉ ከዚህ ማህበር የወጡ ናቸው። አፓርታይድ የተመከረው በምክር ቤት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

በሦስቱም ታሪኮች ጥፋቱ አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ እንበል። ሰይጣን ማምለክም ዓለምን መግዛትም አይደለም። የሕዝብ ሹመት የተሰጠው ሰው ሕዝቡ ለማያውቀው ሌላ ወገን ቃል ገብቶ መገኘቱ ነው።

ከባዶ የተፈበረኩ ክሶች

«ኢሉሚናቲ» በእርግጥ ነበረ። አዳም ዋይስሃውፕት የተባለ የሕግ መምህር በ1776 በባቫሪያ መሠረተው፤ የባቫሪያ መንግሥት በ1784 እና በ1785 ባወጣቸው ትዕዛዞች አገደው፤ ተበተነ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው የፈረንሳዩ ኦጉስታን ባሩኤልና የስኮትላንዱ ጆን ሮቢሰን አብዮቱን የጠነሰሰው ይኸው ቡድን ነው የሚሉ መጻሕፍት አሳተሙ። ዛሬ በቪዲዮ የምናየው «ኢሉሚናቲ» ከእውነተኛው ማህበር ይልቅ የእነዚህ መጻሕፍት ልጅ ነው።

ፍሪሜሶኖች ሉሲፈርን ያመልካሉ የሚለውን ወሬ በሰፊው ያሰራጨው ደግሞ ሊዮ ታክሲል የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ነው። በ1885 ንስሐ ገባሁ ብሎ ለ12 ዓመታት ያህል ስለ ሎጆች የሚያስደነግጡ ታሪኮችን ጻፈ፤ ከጳጳሱም ፊት ቀርቦ ነበር። ኤፕሪል 19 ቀን 1897 ፓሪስ ላይ ሕዝብ ሰብስቦ «ሁሉንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ብሎ አመነ። ሰውየው ውሸቱን ራሱ ካጋለጠ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ወሬው ግን ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ከሁሉ የከፋው «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የተባለው ሐሰተኛ ሰነድ ነው። አይሁድና ፍሪሜሶን ዓለምን ለመቆጣጠር ዶልተዋል የሚለው ይህ ጽሑፍ በ1903 በሩሲያ ታተመ። በ1921 የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ የጽሑፉ ትልቅ ክፍል ሞሪስ ዦሊ በ1864 ስለ ፈረንሳይ ፖለቲካ ከጻፈው፣ ስለ አይሁድ ምንም ከማይናገር መጽሐፍ የተገለበጠ መሆኑን አጋለጠ። ናዚዎች ግን ተጠቀሙበት፤ በ1935 ሎጆችን ዘጉ፤ በአይሁድ ላይ ያደረሱት ጭፍጨፋ የታወቀ ነው። በስፔንም ፍራንኮ በ1940 ባወጣው ሕግ አባል መሆን ብቻውን ወንጀል ሆነ፤ ልዩ ፍርድ ቤትም ተቋቋመለት። በእስራኤል መንግሥት ድርጊት የሚያዝን ሙስሊም ይህን ሐሰተኛ ሰነድ እንደ ማስረጃ መጥቀስ አያስፈልገውም። እውነተኛ በደል በሐሰት ምስክር አይደገፍም።

በሙስሊሙ ዓለም

ግንኙነቱ ብዙዎቻችን ከምናስበው የተወሳሰበ ነው። በ1860 በደማስቆ በሺህ የሚቆጠሩ ክርስቲያኖችን ከግድያ ያዳኑት አሚር ዐብዱልቃዲር አል-ጀዛኢሪ ከፓሪስ ሎጅ ጋር ተጻጽፈዋል፤ በ1864 እስክንድርያ በሚገኝ ሎጅ እንደገቡም የማህበሩ መዛግብት ይገልጻሉ። በአልጄሪያ ይህን የማይቀበሉ ጸሐፍት አሉ። ጀማሉዲን አል-አፍጋኒ በ1870ዎቹ በካይሮ የአንድ ሎጅ መሪ እስከመሆን ደርሰዋል፤ ሸይኽ ሙሐመድ ዐብዱህም አብረዋቸው ገብተው ነበር። አል-አፍጋኒ በመጨረሻ ሎጁ ከፖለቲካ መሸሹን ነቅፈው ተለያዩ። በዘመኑ ነጻ መሰብሰቢያ ላጣ ምሁር ሎጅ አንዱ በር ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁኔታው ተለወጠ። ሎጆቹ ከቅኝ ገዢዎች ጋር ተያይዘው ይታዩ ጀመር። ግብጽ በ1964 ዘጋቻቸው፤ በኢራን ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ታገዱ። በቱርክ በ1935 ተዘግተው በ1948 ተመልሰው ተከፍተዋል። በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ምክር ቤት በ1978 ባሳለፈው ውሳኔ ማህበሩን አደገኛ ብሎ አወገዘ፤ የማህበሩን እውነተኛ ማንነትና ዓላማ እያወቀ የገባ ሰውም ከኢስላም እንደሚወጣ ገለጸ። ውሳኔው «እያወቀ» የሚል ገደብ እንዳለው ማስተዋል ይገባል። ማህበሩን ማውገዝና የማናውቀውን ሰው በጣቱ አኳኋን ወይም በቀለበቱ «ፍሪሜሶን ነው» ብሎ መፈረጅ አንድ አይደሉም።

ሕግ የት ላይ ይቆማል?

እንግሊዝ ከ1998 ጀምሮ አዲስ ዳኞች የሜሶን አባልነታቸውን እንዲያሳውቁ ጠየቀች፤ ጥፋት የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም በሚል በ2009 ተወችው። በጣሊያን አንድ የክልል አስተዳደር ለሹመት የሚወዳደሩ ሰዎች ሜሶን አለመሆናቸውን እንዲያረጋግጡ ሲያስገድድ፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2001 የመደራጀት መብትን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ክርክሩ ያልተዘጋው ሁለቱም ወገን እውነት ስላለው ነው። ሕዝብ ሹሙ ለማን ቃል እንደገባ የማወቅ መብት አለው፤ ሰውም በማህበሩ ስም ብቻ እንዳይቀጣ መብት አለው።

በምን እንመዝን?

ለዚህ የሰፈራችን እድር ጥሩ መመዘኛ ነው። እድርም የራሱ አባላት፣ መዋጮና ደንብ አለው፤ ግን አባሉ ይታወቃል፣ ሒሳቡ በስብሰባ ይነበባል፣ ሊቀመንበሩ ይጠየቃል። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ማህበር ስንሰማ እነዚህን እንጠይቅ፦

1. የተደበቀው ምንድን ነው? ሥርዓቱና የይለፍ ቃሉ ብቻ ነው ወይስ አባላቱና ገንዘቡም ጭምር?
2. መሐላው አንድን ዳኛ፣ ፖሊስ ወይም ሹም ከኃላፊነቱ ጋር ያጋጨዋል?
3. ክሱን ያቀረበው ማን ነው? ስም፣ ቀን፣ ሰነድ አለው?
4. ክሱ ስህተት ቢሆን በምን ይታወቃል? ማስረጃ መጥፋቱን ራሱን «ሚስጥራዊ ስለሆኑ ነው» ብሎ ማስረጃ የሚያደርግ ወሬ መቼም ሊመረመር አይችልም።

ይህ ጥንቃቄ እኛን የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን ሩቅ አይደለም። በ2012 የሕዝበ ሙስሊሙን ጥያቄ ለመንግሥት እንዲያቀርቡ የተመረጡ የኮሚቴ አባላት ታሰሩ፤ በፌብሩዋሪ 2013፣ ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት እያለ፣ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘ ፊልም በመንግሥት ቴሌቪዥን ቀርቦ የስውር ሴራ ሰዎች አድርጎ አሳያቸው። በአደባባይ ተመርጠው በአደባባይ የተናገሩ ሰዎች ነበሩ። የሚያስፈራ ሙዚቃ ከጀርባ ተደርጎበት የሚቀርብ ክስ ምን እንደሚሠራ ያኔ አይተናል።

በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ የታዘዝነው ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። ትዕዛዙ ለምንወዳቸው ሰዎች ብቻ የተሰጠ አይደለም። ቀጣዩ ቪዲዮ በስልካችን ሲደርስ፣ ለሌላ ከማስተላለፋችን በፊት አራቱን ጥያቄዎች እንጠይቀው።

ወላሁ አዕለም።