ጥይቱን ያየው ራጅ የጉልበትን መበላት ለምን አላየም?

የአዊ ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 የአድዋን ፈረሶች ያስባሉ። አድዋ ግን በሕክምና ታሪክም ውስጥ ቦታ አላት። ሮንትገን ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻ ነበር። በማግስቱ ዓመት ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ወታደራዊ ሐኪም፣ ከዘመቻው ቆስለው የተመለሱ ጣሊያናውያንን ኔፕልስ ላይ ራጅ አንስቶ ክንዳቸው ውስጥ የቀሩትን ጥይቶች ፈለገ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል።

ጥይትና አጥንት ጥቅጥቅ ስለሆኑ ጨረሩን ያስቀራሉ። ከዳንግላ ገበያ ተመልሰው «ጉልበቴን ቆረጠመኝ» የሚሉ አያት ችግራቸው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። በአጥንቶቹ ጫፍ ያለው ለስላሳ ሽፋን፣ ማለትም ልም አጥንት፣ እየሳሳ ይሄዳል። ሐኪሞች ሕመሙን ኦስቲኦአርትራይተስ ይሉታል። ልም አጥንት ራጅ ላይ አይታይም። ስለዚህ ሐኪሙ መሳሳቱን የሚገምተው በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ አይቶ ነው። ኬልግሬንና ሎውረንስ በ1957 ያወጡት ከ0 እስከ 4 ያለው የራጅ ደረጃም የቆመው በዚሁ ክፍተትና በአጥንቱ ለውጥ ላይ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ከየት መጣ? ከውሃ! ልም አጥንት አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃ ውስጥ ደግሞ ሃይድሮጅን አለ። ኃይለኛ ማግኔት የሃይድሮጅንን አስኳሎች ያሰልፋቸዋል፤ የሬዲዮ ሞገድ ሲነካቸው ይዘነበሉና ሲመለሱ ምልክት ይሰጣሉ። ፖል ላውተርበር በ1973 ያሳተመው የመጀመሪያው የኤም አር አይ ምስል የሁለት ትናንሽ የውሃ ቱቦዎች ነበር። በ2003 እሱና ፒተር ማንስፊልድ ኖቤል ተሸለሙ።

አሁን ልም አጥንቱ ራሱ ታየ። ሌላ ጥያቄ ግን መጣ። በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነና ጉልበታቸው በራጅ ደህና የመሰለ 710 ሰዎችን በኤም አር አይ አየ። 89 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ለውጥ ተገኘባቸው። የሚገርመው፣ ጉልበታቸውን ምንም ከማያማቸው ሰዎችም አብዛኞቹ እንደዚያው ነበሩ። ምስሉ መበላቱን ያሳያል፤ ያ መበላት ማመም አለማመሙን ግን አይነግረንም።

ስለዚህ አያትን ኤም አር አይ ለማስነሳት ብሎ በሬ ከመሸጥ በፊት ሐኪሙ የሚጠይቃቸውን መመለስ ይቅደም። ዕድሜያቸው 45 ካለፈ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚያማቸው ከሆነ፣ ጠዋት የሚሰማቸው መተሳሰር ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ካልበለጠ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ምስልም ሕመሙ ይታወቃል። ጉልበቱ በድንገት ካበጠና ከጋለ፣ ወይም አልታጠፍ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ይየው።